በመስኮቱ ደፍ ላይ የነበረው ባርኔጣ

ዛሬ ከሥራ ዝዬ ገብቼ የጫማ ቀለም ስከፍት፣ ሽታው ፒያሳ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን ወሰደኝ። የመስኮታችን ደፍ እኔን የሚያስቀምጥ ሰፊ እንጨት ነበር። አባዬ ከሞተ በኋላ እማዬ ባርኔጣውን ለመንገደኛ እንዲታይ እዚያ ላይ አኖረችው። ፀሐይ ሲያነጣው በጫማ ቀለም ታጠቁረው ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ሊመጣ ነው እንዴ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ሂጂ ተጫወቺ! ሰው ያለበት ቤት ይምሰል ብዬ ነው።»

እኛስ ሰው አይደለንም? ብዬ አኮረፍኩ።

ያ ቤት ፈርሷል። አሁን ብቻዬን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የመስኮቱ ደፍ ጣት እንኳ አያሳርፍም። እናም ከሰልባጅ ተራ የገዛሁትን የወንድ ጫማ በቀለሙ ቀባሁት፤ እንደ ወትሮው ከበሩ ውጭ አስቀምጬ ቆለፍኩ።