ለሐኪሙ ያልተረጎምኩት ሕመም

በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ድንበር አጠገብ ባለችው በሸሕዲ ከተማ እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመደብኩ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ፣ ለቀን ሠራተኞች በተከፈተች የእርሻ ክሊኒክ፣ ከወዳጅ አገር ለመጣ ወጣት ሐኪም ከሰዓት በኋላ እንዳስተረጉም ታዘዝኩ።

እሱም እንግሊዝኛን የተማረው እንደኔ ከመጽሐፍ ስለነበር ቃል መርጠን ነበር የምንነጋገረው። ሳይብስ ሳይሻል የሚቆየው ሕመም “ኤክ” ነው፤ ራስ፣ ጥርስ፣ ጀርባና ሆድ በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። ሲነኩት የሚያመው “ሶር”፣ ጨምድዶ የሚይዘው “ክራምፕ”። ሠራተኞቹ ይወጋኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ይቆረጥመኛል ሲሉኝ ለእያንዳንዱ አቻ እፈልግና ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ። ሳገኝለት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ጓደኞቹ ደግፈው አንድ የጎጃም ሰው አመጡ። ጆንያ ሲጭን ነው የጀመረው አሉኝ። ምኑን እንደሚያመው ጠየቅኩት።

“ሆዴን ነው፣ እታለም” አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

እጁ ግን ካገለደመው ፎጣ ስር ብሽሽቱን ተጭኖ ነበር። አንደኛው ጓደኛው ሳቁን እየዋጠ፣ “አሳያት እንጂ፣ መምህር አይደለች?” አለው። ፊቴ ጋለ።

ሐኪሙ ሆድ ቁርጠት ነው ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። አንጀት ወደ ብሽሽት ወርዶ የሚያብጥበት ቡአ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አውቅ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ለመናገርም አላፍርም። ሰውየውን ግን መጀመሪያ በአማርኛ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ያን ቃል በወንድ ፊት ተናግሬው አላውቅም። ሰልፉ በር ላይ ደርሷል። ሐኪሙ ከእምብርቱ በላይ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ የሆድ ኪኒን ሰጠው። ሰውየው አመስግኖኝ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ጓደኞቹ ብቻቸውን መጡ። ለእርሻው ቢሮ የሚሰጥ የሞት ወረቀት ፈልገው ነበር። ያኔ የቀለደው አሁን ትክ ብሎ አየኝ።

“እዚያው ላይ አብጦበት ነው የሞተ” አለ። “እኛም አልነገርንሽም፣ አንቺም አልጠየቅሽን።”

ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። ብሽሽትን፣ ቡአን፣ እብጠቱን፣ በእንግሊዝኛ አንድም ቦታ ሳልደናቀፍ። መጻፉን አቁሞ፣ ቃሉን የዚያን ዕለትም ታውቂው ነበር ወይ ሲል ጠየቀኝ።

ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ቡአን ከነእንግሊዝኛው የጻፍኩበትን ገጽ ገልጬ ሰጠሁት።