ከመኪናው ውጭ የቀረው ቁልፍ ሠሪ

ሰው ወደ ቁልፍ ሠሪ የሚሄደው ቀን ሲከፋበት ነው። ቤቱ ሲሰበር፣ ቁልፉ ሲጠፋ፣ ወይም ሕፃን ልጁ ከውስጥ ሆኖ በሩን ሲቆልፍና ምድጃ ላይ የተጣደው ድስት ማረር ሲጀምር። “ዛሬ ደስ ብሎኛልና አንድ ቁልፍ ቅረጽልኝ” ብሎ የመጣ ደንበኛ እስከ ዛሬ የለም። የእኛ ሰው በጽሕፈት መሣሪያ መደብርና በልብስ ሰፊ መካከል በተሸጎጠች ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ከሞርሳውና ከሞረዱ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። በዚህ ሁሉ ዘመን ዓለምን ያወቃት በክፉ ቀኗ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል?

ፍርሃቱ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ሱቁን ዘግቶ ሃምሳ እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ይነቀንቃል። ማንኛውንም በር ሁለት ዙር ካልቆለፈ እፎይ ስለማይል የሰፈሩ ሰው “ሁለት ዙር” የሚል ስም አወጣለት። እሱም አልተቀየመም፤ “እነሱ ስድብ መስሏቸው ነው፣ እኔ ሙገሳ ነው የምሰማው” ይል ነበር። እጁማ ከሐሳቡ የቀደመ ነው። ከየትኛውም በር ሲወጣ አውራ ጣቱ ማንም ሳያዘው መቆለፊያውን ተጭኖ ይዘጋል። አንድ ቀን አማቱን በረንዳ ላይ ቆልፎባቸው ሥራ ሄዷል። አማቱ ይህን እስኪሞቱ ድረስ አልረሱለትም።

ሚስቱ የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ወንዝና ሐይቅ በጠመኔ ስትስል ኖራ፣ ከሳለቻቸው ውስጥ በዓይኗ ያየችው ሁለቱን ብቻ ነው። ጡረታ በወጣች በሰባተኛው ወር ልቧን ታመመች። ሐኪሙ ምርመራውን ጨርሶ ሁለቱንም ፊቱ አስቀመጣቸውና፣ “መሮጥ የለም፣ ደረጃና ዳገት መውጣት የለም፣ ድንጋጤም አይስማማዎትም። ከዚያ ውጭ ደስ ያለዎትን ያድርጉ” አላት። ባል የንግግሩን የመጀመሪያ ግማሽ ይዞ ወጣ፤ ሚስት የኋለኛውን።

ሳምንት ሳይሞላ አሮጌ ግራጫ መኪና በራፋቸው ላይ ቆመ።

“ምንድነው ይሄ?” አላት።

“መኪና ነዋ። መንጃ ፈቃድህ መሳቢያ ውስጥ ሊሻግት ነው እኮ።”

“ምን ልናደርግበት?”

“ልናይበት።”

“ምኑን?”

“ያለውን!” አለችና አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች።

የመጀመሪያው ጉዞ ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ አለቀ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ ብሎ መኪናውን አዞረ፤ የሸተተው አንድ ገበሬ ማሳው ዳር የሚያቃጥለው ገለባ ነበር። በሁለተኛው ጉዞ ማለዳ ሐይቅ ዳር ደርሰው ጉማሬ አገኙ። እሱ ግን መስኮቱን እስከ ላይ ዘግቶት ስለነበር እስትንፋሳቸው መስታወቱን ጉም አለበሰው። ሚስቱ በእጅጌዋ እየጠረገች ትስቃለች፤ እሱ ከዚህ እስከ ሐኪም ቤት ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ያሰላል። ጉማሬውን አልፈራም አይባልም፣ ፈርቷል። የባሰበት ግን ከሰው ርቀው ሳሉ የእሷ ልብ ቀጥ ቢልስ የሚለው ነው። በበር የመጣ ችግር ቢሆን መላ አያጣም። ደረት ግን እንደ በር አይፈታም። ይህን እያሰበ ስንቱን ተራራ ሳያየው አለፈ።

ይሁን እንጂ ሰው ነውና በአራተኛው ጉዞ ጉድ ሆነ። ጥላ ፈልገው በቆሙበት አንዲት ቢጫ ወፍ መጥታ በመኪናው የጎን መስታወት ውስጥ ራሷን አየች። ሌላ ወፍ መስሏት ጠብ ጀመረች። በምንቃሯ ትወጋለች፣ ትሸሻለች፣ ከመስታወቱ ኋላ ዞራ ትፈልጋታለች፣ ስታጣት ተመልሳ መጥታ ትሰድባታለች። ቁልፍ ሠሪው በማግስቱ ለልብስ ሰፊው ጎረቤቱ ሲያወራ፣ በጣቶቹ እንደ ምንቃር እያሳየ፣ ደንበኛ አስቆመ። ሚስቱ ሰምታ፣ “ወደድከው እንዴ?” አለችው።

“እኔ? የመስታወቱን መጫር ነው ያወራሁት” አለ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ጎማውን ሊነፋ ቀድሟት ተነሣ።

እንዲህ እየሆነ፣ በአንድ ደረቅ ወር ወደ ሰፊው ፓርክ ሄዱ። በር ላይ ያገኙት የፓርኩ ጠባቂ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ “ከመኪና አትውረዱ። ዝሆን ብታዩ አትሩጡ፣ አትጩሁ፣ ምንም ዓይነት ድምፅ አታሰሙ። ግልገል የያዘች ከሆነች ደግሞ አደራ!” አላቸው። ቁልፍ ሠሪው ምክሩን ሦስት ጊዜ አስደገመው። ሚስቱ በሐፍረት ወደ ሌላ ጎን ዞረች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ሰዓት ያህል ከሄዱ በኋላ፣ መንገዱ ከደረቀ ወንዝ ዳር ሲደርስ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። አካባቢው ጭር ያለ ነው፤ በስተግራ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ ቀጥ ባለ የብረት መሰላል የሚወጣ የጠባቂዎች ማማ አለ፣ ሰው ግን የለበትም። ቁልፍ ሠሪው ዙሪያውን ቃኝቶ ወረደ። ሚስቱን እዚያው ተቀመጪ ማለት ሲገባው፣ ክሪኩ ተንሸራቶ መኪናው ከነእሷ ቢወድቅስ ብሎ ፈራና እሷንም አስወረዳት።

“ጠባቂው አትውረዱ አላለም?” አለችው።

“ጠባቂው ስለ ክሪክ ምን ያውቃል!”

ጎማውን ለመቀየር ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። የተነፈሰውን ጎማ፣ ክሪኩንና መፍቻውን ከኋላ ጫነና ክዳኑን ዘጋው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ የሾፌሩን በር ሳበ። አልተከፈተም። ወደ ሚስቱ በር ዞረ። ያም አልተከፈተም፤ የኋላ በሮችማ ድሮም ተቆልፈው ነው የሚኖሩት። አውራ ጣቱ እንደ ልማዷ ሥራዋን ሠርታለች፤ እሱ ሲወርድ የራሱን፣ ሚስቱን ሲያወርድ የእሷን። ቁልፉ መሪው ሥር ተሰክቶ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል። የሥራ ቦርሳው የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ስልካቸውም፣ የልቧ መድኃኒትም እዚያው።

ሚስቱ ፊቱን ስታይ ነገሩ ገባት። መኪናው ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። “ቁልፍ ሠሪ እንጥራ?” አለች።

“አትሳቂ! በሳቅም ልብሽ ይደክማል።”

“እሺ፣ ድንጋይ አንሣና መስታወቱን ስበረው።”

“የሰውን በር ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልሰብር ከፍቼ የራሴን ልስበር? ሞቼ ነው ቆሜ!”

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ከዝናብ መጥረጊያው ጎማ ውስጥ ቀጭኗን የብረት ልጥ መዘዛት። ጫፏን ድንጋይ ላይ ቀጥቅጦ አጎበጣት፣ በመስታወቱና በጎማው መካከልም ወደ በሩ ሆድ ሰደዳት። እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ለእሱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ብረቷን ሲያሽከረክር ከኋላው ቅርንጫፍ ሲሰበር ተሰማ።

ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው ግራጫ ቋጥኝ ነበር። ቀጥሎ ቋጥኙ ጆሮውን አራገበ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ሰባት ዝሆኖች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ወደ ደረቁ ወንዝ እየወረዱ ነው፤ መውረጃቸው በመኪናው አጠገብ ያልፋል። ከፊት ያለችው ግዙፍ እናት ሥር ጉልበቷ የማይደርስ ግልገል ይንከወከዋል።

የቁልፍ ሠሪው ዓይን አንዴ ወደ ማማው ሄዶ ተመለሰ። በግራ እጁ የሚስቱን እጅ ያዘና ሌባ ጣቱን የልብ ትርታዋ ላይ አሳረፈ። ይመታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሦስት ይመታል። በቀኙ ብረቷን እንደያዘ ነው፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሚንቀጠቀጠው ከኋላው የቆመው ደንበኛ ነበር። የእሱ እጅ የሰው ጭንቀት ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ባለጉዳዩም ራሱ፣ ባለሙያውም ራሱ ሆነ። ብረቷ አንዴ ሳተች፣ ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው የመቆለፊያውን ምላስ ያዘች። አሁን አንዴ ወደ ላይ መሳብ ብቻ ቀርቶታል።

ያኔ እናቲቱ ቆመች።

አሥር እርምጃ አይሆንም። ጆሮዎቿን እንደ በር ወለል አድርጋ ዘርግታ ወደ እነሱ ዞረች። ቁልፍ ሠሪው የዚያን መቆለፊያ ጠባይ ያውቃል፤ ሲከፈት መዶሻ እንደመታው ቆርቆሮ ይጮኻል። ቢስበው በሩ ይከፈታል፣ ዝሆኗም ትደነግጣለች። ሚስቱን አስገብቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ደግሞ ዝሆኗ አትጠብቀውም። ብረቷን ቢለቃት በሩ ውስጥ ትወድቃለች፣ ሁለተኛ አትገኝም። እድሜውን ሁሉ በር ለመክፈት የኖረ ሰው፣ የተያዘለትን መክፈቻ በሁለት ጣቱ እንደያዘ ሳይከፍት መቆም ነበረበት። ቆመ። ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ አልጠረገውም።

“አትክፈተው” አለች ሚስቱ፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

“አልከፍተውም።”

ያለፈው ጉዞ ሁሉ መስታወትና እጀታ፣ ቤንዚንና ሰዓት ሲያይ ነው ያለቀው። አሁን ማየት ከፈለገውም ካልፈለገውም ነገር ፊት ለፊት ቆሟል። የእናቲቱን ሽፋሽፍት አየ፤ ረዥም ነው፣ አቧራ ለብሷል። የጉልበቷ ቆዳ እንደ አሮጌ ሱሪ ተሸብሽቧል። ግልገሉ ከእግሯ መካከል ወጥቶ የተነፈሰው ጎማ ከተነቀለበት ቦታ መጣና መሬቱን አሸተተ። አንድ እርምጃ ወደ እነሱ ጨመረ። ግልገሉ ሌላ እርምጃ ሲል የገዛ ኩምቢውን ረገጠና በአፍንጫው ተደፋ። ተነሥቶም ማን አየኝ እንደሚል ልጅ ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አደረገ።

እዚህ ላይ ቁልፍ ሠሪው ሳቁ መጣ። እንዲህ ባለ ሰዓት! ፍርሃቱ አንዲት ጠብታ ሳይቀንስ፣ ከፍርሃቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ደስታ ደረቱ ውስጥ ገባ። ጥርሱን ነክሶ ያዘው። በሌባ ጣቱ ሥር የሚስቱ ልብ እየዘለለ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ብረቷ እየተንሸራተተች፣ ያንን ግልገል በሕይወቱ ምንም ነገር አይቶ በማያውቅበት አኳኋን አየው።

እናቲቱ በኩምቢዋ ልጇን ከኋላው ገፋ አደረገችው። ጆሮዋን አጠፈች። ከዚያ ሰባቱም እግራቸው ድምፅ ሳያሰማ ወደ ወንዙ ወረዱ። ቁልፍ ሠሪው የመጨረሻይቱ ጅራት ቁልቁለቱን እስክታልፍ ቆጠረ፣ ከዚያ በኋላም መቶ ቆጠረ። ብረቷን ሳበ። መቆለፊያው ጮኸ። ሚስቱን ደግፎ አስገባት፣ መድኃኒቷን ምላሷ ሥር አደረገላት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየር ሰጣትና በሩን ዘጋ። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

ወዲያው ለቅኝት ወጥቶ የነበረው ያ የበሩ ጠባቂ ከወንዙ ማዶ በሞተር ብስክሌት እየበረረ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ጋሼ! እኔ ከማዶ ሆኜ ሳያችሁ ያለቀላችሁ መስሎኝ ነበር። እትዬ፣ ተርፈዋል?”

“ተርፌያለሁ፣ ልጄ” አለች ሚስቱ ከመስኮቱ። ጉንጯ ቀስ በቀስ ደም እየመለሰ ነበር። “እሱ ነው የወደቀው። ድሮም ፈሪ ነው ባሌ፣ እግሩን አያምነውም።”

ጠባቂው ወደ ቁልፍ ሠሪው ዞረ። “ግን ጋሼ፣ እንደ ፈሪማ ቢሆን ዝሆኖቹ ከቁጥቋጦው ብቅ ሲሉ ያኔ ሮጠው ማማው ላይ በደረሱ ነበር። ያውና፣ ቅርብ ነው እኮ! አላዩትም?”

ቁልፍ ሠሪው ቀና ሳይል መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። “አይቼዋለሁ” አለ።

“ታዲያ?”

“እሷ አትሮጥም።”

ሚስቱ መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና አለቀሰች። እንዲያ ስታለቅስ የሰማት ሰው የእናቷን መርዶ የነገሯት ይመስለው ነበር።

“ምን ሆንሽ? ልብሽን ነው? መድኃኒቱን የት አደረግሁት?” እያለ ቁልፍ ሠሪው በድንጋጤ በአራት እግሩ እየዳኸ ወደ በሩ ሄደ።