ሳንቃውን የሚይዘው እጅ

እስቲ ይህን የብርቱካን ሣጥን ተመልከቱ። የሚስማሩ ራስ ከእንጨቱ ጋር እኩል ነው፤ ጫፉም በጀርባው አልወጣም። የሊበን ሥራ ነው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለ ሣጥን መሥሪያ በአየር የሚሠራ የሚስማር መምቻ ተሸክሞ ይውላል፤ ትከሻው ዝሏል። ከፊቱ ቆማ ሳንቃውን የምትይዝለት በድሪያ ናት። ሰኞ ዕለት ሚስማር ስስ ሳንቃ በስቶ አልፎ እጅጌዋን ከሳንቃው ጋር ሰፋው።

ስለዚህ ስስ ሳንቃ ሲመጣ መምቻውን ከአየሩ ጎማ ይነቅላል፣ የአየሩን ግፊት ይቀንሳል፣ መልሶ ሰክቶ በቁራጭ እንጨት ይሞክራል።

ትናንትም እንዲሁ ሲያደርግ ካቦው ጮኸበት፦ «ሰውዬ፣ ሣጥን ነው የምትመታው ወይስ ሰዓት ነው የምትጠግነው? የጅቡቲው ባቡር አንተን ይጠብቃል?»

«ካቦ፣ ከቸኮልክ ሳንቃውን አንተ ያዝልኝ» አለው ሊበን፣ ቀና እንኳ ሳይል።

«ወላሂ፣ ይያዛ!» ብላ በድሪያ እጇን ከሳንቃው ላይ አነሣች።

ካቦው አልያዘም። ከምሳ ሲመለሱ ግን ግፊቱን ከፍ አድርጎት አገኙት። ሊበን እንደገና ጎማውን ነቀለ። ይህን በየቀኑ ያደርጋል፤ አንድ ቀን ከድካሙ ብዛት ቢረሳስ?

ካቦውን የምታጣድፉት እናንተ ነጋዴዎች ናችሁ። እባካችሁ፣ ሣጥን ስታዙ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ እዘዙ።