ደግመው ሲጠይቁኝ
ደባርቅ ፍርድ ቤት ውስጥ ሥራዬ ከሕፃናት ምስክሮች ጋር መቀመጥ ነው። ልጁ ችሎት ፊት አይቆምም። ከጎን ባለች ጠባብ ክፍል ካሜራ ፊት አብረን እንቀመጣለን፤ የዳኛውና የጠበቃው ጥያቄ በማዳመጫ ይደርሰኛል፣ እኔ ደግሞ ልጅ በሚገባው ቋንቋ እጠይቃለሁ። የሥነ ልቦና ዲግሪ ስላለኝ ልጅ ማናገር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ጉራዬን ያስተነፈሰችው ከድብ ባሕር የመጣች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት።

እናት አባቷ ሞተው አጎቷ ቤት ነው ያደገችው። አጎቷ በድንበር ጠብ አዛውንት ጎረቤታቸውን በዱላ መትቶ ክንዳቸውን ሲሰብር ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። ለፖሊስ ከተናገረች ወዲህ የአጎቷ ሚስት በስሟ ጠርታት አታውቅም። ልጅቷ በወጣች በገባች ቁጥር «ባጎረስን ተነከስን» ትላለች። እጇን ስላላነሳችባት መንደሩ «ምን አደረገቻት?» ይላል። እኔ ደሜ ይፈላል፤ እንዲህ ያለው ቃል ከዱላ የባሰ ሲሰብር አይቻለሁና።

ከችሎቱ ሁለት ቀን በፊት ክፍሉን ላለማምዳት አስመጣኋት። ስለ ጉዳዩ ማንሳት ስለማይፈቀድ ቀላል ነገር ጠየቅኋት።

«ቁርስ ምን በላሽ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ቂጣ በላሁ።»

ቃሏ እንደማይጸና ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ኋላ ዳቦ ስሰጣት ግን በሁለት እጇ ይዛ ሳታላምጥ ስትውጥ አየሁ። ታዲያ ለምን ቂጣ እንዳለችኝ ጠየቅኋት።

«ትልቅ ሰው ደግሞ ከጠየቀ የፊተኛውን አልወደደውም ማለት ነዋ፣ እትዬ» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ።

አፈርኩ። እኔም እኮ ያደግሁት እንዲሁ ነው፤ አባቴ ሁለቴ ሲጠይቀኝ መልሱን የምፈልገው ከፊቱ ላይ ነበር። ገጹን ቀደድኩት። «እዚህ ቤት ደግሞ መጠየቅ ቁጣ አይደለም፤ ወደዱትም ጠሉትም እውነቱን ብቻ ተናገሪ» አልኳት።

በችሎቱ ቀን የአጎቷ ጠበቃ ማን እንደመታ አስጠየቀኝ። «አጎቴ» አለች። አዟዙሮ ደገመው። «አጎቴ።» ሦስተኛ ሲያስጠይቀኝ ድምፄ ሳላስበው ሻከረ። ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች፤ አለቀልን አልኩ በልቤ።

«እትዬ፣ ደግመው ቢጠይቁኝም ያው አጎቴ ነው» አለች። «እኔም እሱ ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

በማዳመጫው ዳኛው «ይበቃል» አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ስማር እንዲህ ያለ ጀግንነት አላየሁም፤ እግሯ እኮ ከወንበሩ መሬት አይደርስም።

ማታውኑ ልትወስዳት ታላቅ እህቷ ከዳባት መጥታ በር ላይ ትጠብቅ ነበር። ስንወጣ ልጅቷን በልታ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አልበላሁም።»

አመል ሆኖብኝ «አልበላሽም?» አልኩ።

ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አልበላሁም አልኩዎት እኮ!»