ከታንኳው ማን ይውረድ?

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ፣ ሦስት ቤተሰብ ሆነን እንኖር ነበር። በመግቢያው በኩል ያለው ቤት የአባባ ሰይድ ነበር፤ ዕድሜያቸውን በእህል ንግድ የጨረሱ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። በጓሮ በኩል እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ጌትነትና እኔ ነበርን። መካከል ላይ የትርሐስ ቤተሰብ ነበረ፤ አባቷ የፋብሪካ መካኒክ፣ እናቷ እትዬ ለተብርሃን፣ ሁለቱም ለሥራ ብለው ከትግራይ የመጡ። ትርሐስ እኩያዬ ስለነበረች፣ እናቴ አንዳችንን ስትጠራ ሁለታችንም «አቤት» እንል ነበር።

ያኔ ሲመሽ አባባ ሰይድ ደጃፋቸው ላይ የአሮጌ ታንኳ ደንገል ያነድዱና ኩራዛቸውን መስኮት ላይ ያስቀምጣሉ፤ የደንገሉ ጭስ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ዓይናችንን ያስለቅሰን ነበር፣ እኛ ግን ንቅንቅ አንልም። ተረት ለመጀመር አንድ ሕግ ነበራቸው። «ሞላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከግቢው ልጆች አንዱ ከጎደለ ቢለመኑም አይጀምሩም። «ጎዶሎ ላይ ተረት አይጀመርም» ይላሉ። የምታስጠብቀን ሁልጊዜ ትርሐስ ነበረች፤ ዕቃ ሳታጥብ እናቷ አትለቃትም። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ስትሮጥ ስትመጣ፣ «ነይ፣ የእኛ ወይዘሮ» ይሏታል አባባ ሰይድ፣ ያን ጊዜ ፍሙን ቆስቆስ አድርገው «ተረት ተረት» ይላሉ።

በግቢያችን የሚለየን ሥጋ ብቻ ነበር፤ ለእሱም መላ ነበረው። ለፋሲካ እናቴ ለአባባ ሰይድ ዶሮ ከነነፍሱ ትልክላቸዋለች፣ በገዛ ቢላቸው አርደው በገዛ ድስታቸው ይሠሩታል። ለአረፋም ተራው የእሳቸው ነው። ለቅሶ ሲመጣ ግን እሱም አይለየንም። ሐዘን የገባበት ቤት እሳት አይነድበትም፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ያመጣና እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይዘግናል። «ንፍሮ ሃይማኖት የለውም» ይሉ ነበር አባባ ሰይድ።

ጌትነትን ከገበያ ሲመለስ አፍሰው ወሰዱት፤ ወደ ሰሜን ዘመተ ተባለ። ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጠዋትና ማታ ስለ እናት ሀገር ይዘፍናል፣ ከዘፈኑ ቀጥሎ ወንበዴዎችን ይራገማል። የትርሐስን አባት በመንገድ ሰላም የሚላቸው ሰው እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቀን ሱቅ ተልከን ስንመለስ የሰፈር ልጆች ትርሐስን «የወንበዴ ልጅ» አሏት። «ወንበዴ ማለት ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አላውቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን ነው አባባ ሰይድ የታንኳውን ተረት የጀመሩልን። አንድ ቀዛፊ ፍየል፣ ውሻና ድመት አሳፍሮ ሐይቁን ሲያቋርጥ፣ መሐል ላይ ሲደርሱ ነፋስ ተነሣ፣ ደንገሉም ውኃ እየጠጣ መስጠም ጀመረ። ፍየሏ «ውሻው ይውረድ፣ ጩኸቱ ነው ነፋሱን የጠራው» አለች። ውሻው «ድመቷ ትውረድ፣ እሷን ማን ያምናል?» አለ። ድመቷም «ፍየሏ ትውረድ፣ ቦርጯን አታዩም?» አለች። ትርሐስ በዚህ ጊዜ ስቃ ልትሞት ደረሰች። «እህሳ፣ ማን ወረደ?» አልናቸው። «እሱ የነገ ነው» ብለው ተነሡ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የጌትነት መርዶ መጣ። ማልቀሴን አላስታውስም። አንዲት ሴትዮ ነጠላ አዘቅዝቃ ስታለብሰኝና ነጠላው ረዝሞብኝ ስረግጠው አስታውሳለሁ። አዘንሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ተቀምጠው የቆዩበት እግር እንደሚደነዝዘው ሁሉ ነገሬ ደንዝዞ ነበር።

ረፋድ ላይ እትዬ ለተብርሃን በክዳን የተሸፈነ ንፍሮ ይዘው፣ እያለቀሱ ገቡ። ጌትነት ከእጃቸው ስንት ጊዜ በልቷል። እናቴ ተነሥታ ዕቃውን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው፤ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ በሩ ሄደችና ከደፉ ውጭ አስቀመጠችው።

«ልጄን የበላ ወገን እህል ቤቴ አይገባም» አለች።

እትዬ ለተብርሃን እንባቸውን ሳይጠርጉ ወጡ። ከተቀመጡት ሴቶች አንዷም «ተይ» አላለቻትም። አባባ ሰይድ ብቻ ከበሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ሆነው፣ «ስንዴው የዚሁ የጎጃም፣ የዱርቤቴ ነው፤ የሸጥሁላት እኔ ነኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። ወጡና ደፉ አጠገብ ተቀምጠው፣ ከንፍሮው እየዘገኑ ብቻቸውን በሉ።

ሐዘኑ ገና ሳይወጣ፣ አንድ ጠዋት ስንነሣ የነትርሐስ ቤት ተቆልፎ አገኘነው። ወዴት እንደሄዱ ለማንም አልተናገሩም። ደጃፋቸው ላይ የቀረ ነገር ቢኖር የልብስ ማስጫው ገመድ ነበር፤ እሱንም ቆይቶ እናቴ ልብስ አሰጣችበት።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ አባባ ሰይድ እንደ ወትሯቸው ደንገል አነደዱ። ሄደን ከበብናቸው።

«ሞላችሁ?» አሉ።

«ትርሐስ የለችም» አልናቸው።

«እንጠብቃታለን» አሉ።

ጠበቅን። ፍሙ አመድ ሲለብስ «በሉ፣ ግቡ» አሉን። በማግስቱም እሳት ነደደ፣ «ሞላችሁ?» ተባልን፣ ጠበቅን፣ ገባን። ልጆቹ እየሰለቻቸው ቀሩ፤ በመጨረሻ እኔና እሳቸው ብቻ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጭስ እንሞቅ ነበር። አንድ ማታ «ለእኔ ብቻ ይንገሩኝ» ብዬ ለመንኋቸው። «ጎዶሎ ላይ አይሆንም፣ ልጄ» አሉኝ። ደርግ ወደቀ፣ እሳቸውም አረፉ፤ ስለ ትርሐስ እስከ ዛሬ የሰማሁት የለም። ለልጆቼ የእሳቸውን ሌሎች ተረቶች አንድ ሳላስቀር ነግሬያቸዋለሁ፤ የታንኳውን ግን አልጀምረውም፣ ማን ወረደ ቢሉኝ የምመልሰው የለኝማ።

እናቴ በስተርጅናዋ አልጋ ያዘች። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሼ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ድንገት «የዚያ የታንኳው ተረት መጨረሻው ምን ነበር?» አለችኝ። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ ከጓሮ ሆና ትሰማ ነበር።

«አልጨረሱትም እኮ፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ» አለች።

የተኛች መስሎኝ ሻማውን ላጠፋ ስነሣ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ስንዴና ሽንብራ ነበር» አለች። «ክዳኑን ገለጥ አድርጌ አይቼዋለሁ። ገና ይተን ነበር።»