የአስታማሚዎች ሰዓት

ቨርና ትሪብል በደግነቷ አትታማም፤ ይህን ደግሞ ከማንም አስቀድማ የምታውቀው እሷው ነበረች። አሜሪካ፣ ቶሌዶ ከተማ ውስጥ በአንድ የሰፈር መረዳጃ ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ብርዱ ሲገባ ቤታቸውን ማሞቅ ያቃታቸው ሰዎች ፊቷ ይቀመጣሉ፣ እሷ ቅጻቸውን ትሞላለች፤ እንባ የሚጠረግበት ሶፍትም ከመሳቢያዋ አይጠፋም።

አባቷን ስትሮክ ጥሎት የአረጋውያን መጦሪያ የገባ ዓመት፣ ቨርና የምታለቅሰው መሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሰው ሲያለቅስ ሰማች። የሠራተኛ አስተዳደሯ ካርሊን ነበረች፤ ባሏ ልቡን ታሞባት። ሁለቱ ተያይዘው ወጡና የአስታማሚዎችን ማኅበር መሠረቱ። በመሥሪያ ቤቱ የጥቁር ሠራተኞች ማኅበር ቀድሞም ነበረ፣ ከውትድርና የተመለሱትም የራሳቸው አላቸው፤ ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ግን ብቻውን ነበር። አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከስድስት እስከ ሰባት፣ በትልቁ ክፍል ይሰበሰባሉ። ደንባቸው አንድ ነው፦ አስታማሚ ለአንድ ሰዓት እንዲያርፍ፣ ሞባይል ሁሉ በር ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ከሐኪም ቤት የሚደውል ካለ በእንግዳ መቀበያው ስልክ ይደውል። አምና የድርጅቱ ቦርድ «እዚህ ሁላችንም ቤተኞች ነን» የሚል ሰሌዳ ለቨርና ሸለማት፤ እሷም ከወንበሯ በላይ ሰቀለችው።

የእንግዳ መቀበያው ስልክ የኦዴሳ ነው። ኦዴሳ ፔትዌይ አሥራ አንድ ዓመት በሩ አጠገብ ተቀምጣ ገቢ ወጪውን በስሙ የምትጠራ፣ ነገር የምታውቅ ሴት ናት።

«ግቡ እንግዲህ፣ አልቅሳችሁ ውጡ» ትላቸዋለች በየስብሰባው። «ከንቲባው ቢደውል እንኳ ለቅሶ ላይ ናቸው እለዋለሁ።»

«የስኳር ድንች ፓይ ጋግሬ አመጣልሻለሁ» ትላለች ቨርና።

«ከመሃሉ ይሁን ታዲያ። የባለፈው ጠርዝ ጥርሴን ሊያወልቀው ነበር።»

ቨርና በወረቀት ሳህን ፓይ ባመጣችላት ቁጥር በራሷ ደስ ይላት ነበር። አንቺስ ቤትሽ ማን አለ ብላ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃት አታውቅም።

የጥቅምቱ ረቡዕ ስብሰባው አለቀ ሲባል አላልቅ አለ። የካርሊን ባል ከሐኪም ቤት ወጥቶ ነበርና ኬክ ተቆርሶ ጨዋታው ደርቷል። ሰባት ሰዓት አልፏል። ቨርና ቀና ስትል ኦዴሳ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከመስታወቱ በር ማዶ ቆማለች። ምሳ ልትወጣ ቸኩላ ነው ብላ አሰበች። አንድ ጣቷን አንስታ «አንድ ደቂቃ» የሚል ምልክት አሳየቻትና ወደ ኬኩ ዞረች። ሲወጡ ሰባት ተኩል ሆኗል። ኦዴሳ እዚያው ቆማ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ማንንም ሳታናግር ሮጣ ሄደች። ቨርና አንድ ቁራጭ ኬክ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችላት።

ሰኞ ዕለት፣ የኦዴሳ እናት ረቡዕ ማረፋቸውን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዘጠኝ ዓመት ቤቷ ያስታመመቻቸው እናቷ። ቨርና «ረቡዕ» የሚለውን ስታነብ ክው አለች። ካርሊን ከኋላዋ መጥታ ቆማለች። ለሐዘንተኛ አባል ካርድና ትልቅ ሳህን ማካሮኒ በአይብ መላክ የማኅበሩ ልማድ ነው።

«ካርድ እንላክላት ይሆን?» አለች ካርሊን። «ቆይ፣ አባል ናት እንዴ?»

«ዝርዝሩ ላይ የለችም» አለች ቨርና፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ።

ለካርዱ ሳስታ አልነበረም፤ የዚያ ረቡዕ ነገር እንዳይነሳ ፈርታ ነው። እስከ ዛሬ ካርዱን እየገዛች በየክፍሉ ዞራ የምታስፈርመው ኦዴሳ መሆኗም ትዝ አላት።

የኅዳሩ ረቡዕ ሲደርስ ኦዴሳ ገና ከፈቃዷ አልተመለሰችም። ስልኩን ማን ይያዝ ሲባል ቨርና እኔ አለች። ስትቀመጥ ከስልኩ አጠገብ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አየች፤ ጽሑፉ የኦዴሳ ነው። «የረቡዕ ጥሪ» ይላል አናቱ። «ሞባይላቸው ቅርጫት ውስጥ ነው። ስልኩን ጥለሽ እንዳትሄጂ። የካርሊን ባል፣ ልብ፤ ሐኪም ቤቱ ከደወለ ሳታንኳኪ ግቢ። የቨርና አባት፣ ስትሮክ፤ ሳታንኳኪ ግቢ። ቨርና ትደነግጣለች፣ እጇን ያዢያት።» አሥራ ሦስቱም አባላት ከነበሽተኞቻቸው ተጽፈዋል። የመጨረሻው መስመር «እማዬ» ይላል። «ጎረቤት ከደወለች፣ እስኪወጡ ጠብቂ።»

አጠገቡ ደዋይ ሁሉ የሚመዘገብበት የመልእክት ደብተር ነበር። ቨርና ፈራ ተባ እያለች የጥቅምቱን ረቡዕ ገለጠች። «ሰባት ሰዓት። ለኦዴሳ። እናትሽ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ቶሎ ነይ።» ኦዴሳ ከልማድ ብዛት ለራሷ የመጣውንም መዝግባዋለች።

ከበሩ ማዶ የማኅበሩ ሳቅ ይሰማል። ቨርና ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያን ቀን ጣቷን ስታነሳ ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ኬኩ ላይ ነበሩ። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ኦዴሳም ቨርና አላየችኝም፣ ጣቷን ያነሳችው ለሌላ ሰው ነው ብላ ታስብ ይሆናል። ስብሰባው ሲያልቅ ቢሮዋ ገብታ ሰሌዳውን ልታወርድ ወንበር ላይ ወጣች። ሰሌዳ ማውረድ ሄዶ ከመናገር የሚቀል መሆኑ ሲገባት ግን እንደተሰቀለ ትታው ወረደች።

ኦዴሳ በማግስቱ ገባች። ቨርና ካፖርቷን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ኦዴሳ፣ ያን ቀን በሩ ላይ አይቼሻለሁ። አላየሁሽም ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። አይቼሻለሁ።»

«እንዳየሽኝማ አውቃለሁ» አለች ኦዴሳ፣ የመልእክት ደብተሩን ወደ አዲስ ገጽ እየገለጠች።

«ታዲያ ምነው ገፍተሽ ብትገቢ?» አለች ቨርና። ጥያቄው ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ አፈረችበት።

ኦዴሳ ቀና ብላ አየቻት። ቁጣ ቢሆን ቨርና በቻለችው።

«አንድ ደቂቃ አልሽኝ» አለቻት። «አመንኩሽ።»