የሦስት ከተማ አንድ የመድኃኒት ካርድ

ሳሉ የጀመረኝ ከደሎ መና ማር ጭነን የሳነቴን ዳገት ስንወጣ ነው። ጊዜው የደርግ ነው፤ እኔም ሮቤ ላይ ማርና ጨው እነግድ ነበር። ብርዱ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ያልበኝ ጀመር። ደንበኞቼ "ምነው ከሳህ?" ሲሉኝ "ንግዱ ቀዝቅዞ ነው" እያልኩ የማሩን ዋጋ ማስወደጃ አደረግሁት። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ሳልኩ። መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ሱቁን ዘጋሁ።

ጎባ ሆስፒታል አክታዬ ተመረመረ። ሐኪሙ "ቲቢ ነው። ይድናሉ፤ ግን ዓመት ሙሉ ሳያቋርጡ መውሰድ አለብዎት" አሉኝ። ስትሬፕቶማይሲን በመርፌ፣ ሁለት መድኃኒት ባንድ የያዘ እንክብል ደግሞ በአፍ ታዘዘልኝ።

ብዙም ሳልቆይ ሽፍታ ወጣብኝ። ዓይኔ ቀላ። ከንፈሬ ቆሰለ። ቆዳዬ ተላጠ። ውሃ መዋጥ አቃተኝ። ባለቤቴ ዘይነባ አለቀሰች። እኔ ማልቀስም አልቻልኩም።

"እንክብሉ ውስጥ ያለው ታያሴታዞን አልተስማማዎትም" አሉ ሐኪሙ። "ዳግመኛ ቢውጡት ሊገድልዎት ይችላል።"

እሱን አቁመው በምትኩ አይሶናያዚድና ኢታምቡቶል ሰጡኝ፤ ቆዳዬም ቀስ እያለ ተመለሰ።

ችግሩ እኔ አንድ ቦታ የምቀመጥ ሰው አለመሆኔ ነው። የነጋዴዎች እድራችን የአባላቱን የመድኃኒት ወጪ ይሸፍን ነበር፤ ለዚህም ሮቤ፣ ጎባና ደሎ መና ካሉ መድኃኒት ቤቶች ጋር ተስማምቷል። መድኃኒት የምንወስድበት ካርድ ግን እንደየከተማው ነው። የሮቤው ቁጥር ብቻ አለበት፤ የጎባው ማንም የማያነበው ጽሑፍ፤ የመናው ከካርቶን የተቀደደ ቁራጭ። እንደ እኔ መሐመድ አሕመድ የሚባለው አባል ደግሞ ብዙ ነው። በዚያ ላይ እኛ ነጋዴዎች በቅሎና ሚዛን እንደምንዋዋሰው ሁሉ ካርድም እንዋዋስ ነበር።

ይህን አይተው እንቅልፍ ያጡት የጎባው ፋርማሲስት አቶ ግርማ ናቸው። የእድሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው ለሦስቱም ከተማ አንድ ዓይነት ካርድ ይሁን አሉ፤ ስም እስከ አያት፣ ፎቶግራፍ፣ የሚወሰደው መድኃኒት፣ ከላይ ደግሞ በቀይ ፈጽሞ የማይሰጠው።

"ለሳል ፎቶ ምን ያደርጋል?" አሉ የእድሩ ዳኛ ሐጂ ቃዲር።

"ሐጂ፣ የሚነሡት እርስዎ እንጂ ሳሉ አይደለም።"

"እኔን የማያውቅ ማን አለ?"

"መና መድኃኒት የምታድለዋ ልጅ አታውቅዎትም። ለመሆኑ ማር የምትገዙት እያንዳንዱ ሰው ባመጣው ቅል ነው ወይስ በአንድ ሚዛን?"

ሐጂ ሳቁ፤ ነገሩም አለቀ። በሕይወቴ ብዙ ተናጋሪ አይቻለሁ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ነጋዴ በሚዛን የረታ ግን ከአቶ ግርማ ሌላ አላየሁም። የካርዱንም መስመር በገዛ እጃቸው በማስመሪያ አሰመሩት።

ያን ክረምት መና ወርጄ ሳለ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። የያዝኩት መድኃኒት አለቀ። መድኃኒት ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ አይታኝ አታውቅም። ለቲቢ ታማሚ ሁሉ የሚታደለውን እንክብል አወረደች። ቆርቆሮውን ከፈተች። ካርዴን አየች። ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

"ኦቦ መሐመድ፣ ይሄ ለእርስዎ ክልክል ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ካርድዎ ነዋ! የእርስዎ ሌላ ነው፤ ቁጭ ይበሉ፣ አመጣልዎታለሁ።" ፎቶዬን ከፊቴ ጋር አስተያየችና ሳቀች። "እዚህ ላይ እንዴት ከስተዋል! አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሰው መስለዋል።"

ካርዴን ተቀብዬ ቁጭ አልኩ፤ በቀይ የተጻፈው ታያሴታዞን ነው። ያወረደችው እንክብል ቀለሙ ጎባ ቆዳዬን ከላጠው የተለየ ስለነበር፣ ብትሰጠኝ አመስግኜ እውጠው ነበር።

ዓመቱ ሲሞላ ሐኪሙ አክታዬን አስመርምረው "ጨርሰዋል" አሉኝ። ሐኪሙን፣ አቶ ግርማን፣ የመናዋን ልጅ አላህ ጤና ይስጥልኝ። እናንተም ሳል ከቆየባችሁ ተመርመሩ። ደህና የሆናችሁ ሲመስላችሁ አታቋርጡ፤ እኔም በመሐል ድኛለሁ ብዬ ሐኪሙን ተከራክሬ ነበር፣ ደግነቱ ተረታሁ። ያልተስማማችሁን መድኃኒት ስሙን እወቁ። ወንድማችሁን ከወደዳችሁት በቅሎ አውሱት፣ ገንዘብም አበድሩት፤ የመድኃኒት ካርዳችሁን ግን አትስጡት።